ባብል ቲ በደብረ ብርሃን፦ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት አገር ፍሬውን አብስሎ ማውጣት

ባብል ቲ ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ የሚታኘክ ፍሬ ያለበት የወተት ሻይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አሠራሩ በአብዛኛው «ፍሬውን 20 ደቂቃ ቀቅሉ፣ 20 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩ» ይላል። ይህ የመጠጡ አገር ለሆነችው ታይዋን ዋና ከተማ፣ ለታይፔ፣ ልክ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል፣ ከዚያ በላይም አይሞቅም። እሳቱን ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አያድግም። እዚህ አገር ሽምብራ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ሁለተኛው ችግር ብርዱ ነው። በሚገባ የበሰለ ፍሬ እንኳ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይጠነክራል፤ በጥቅምትና በኅዳር የውርጭ ሰሞን የደብረ ብርሃን ማዕድ ቤት ጠዋት ጠዋት ከማቀዝቀዣ ብዙም አይሻልም። ከዚህ በታች ያለው መጠንና ሰዓት ሁሉ እነዚህን ሁለቱን አስቦ የተሠራ ነው።

ስለ መጠጡ አመጣጥ በአጭሩ

ባብል ቲ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታይዋን ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ ጥቁር ሻይ፣ ወተት፣ ስኳርና ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ የሚታኘክ ፍሬ አንድ ላይ ይቀርባል። የታይቹንግ ከተማው ቹን ሹይ ታንግና የታይናን ከተማው ሃንሊን የተባሉ ሻይ ቤቶች «እኔ ነኝ የጀመርኩት» ብለው ለአሥር ዓመት ያህል ተካሰዋል። በ2019 ፍርድ ቤቱ መጠጡ የባለቤትነት መብት ያልተመዘገበለትና ማንም ሊሠራው የሚችል ስለሆነ ማን ቀደመ የሚለውን መወሰን አያስፈልግም አለ። «ባብል» የሚለው ስም ፍሬውን የሚመለከት ይመስላል፤ መጀመሪያ የተሰጠው ግን ሻዩ ከበረዶ ጋር ሲናጥ ላዩ ላይ ለሚሠራው አረፋ ነው። ከታይዋን በስደተኞች በኩል ካሊፎርኒያ ገባ፤ ከዚያ አውሮፓን አዳረሰ፤ በ2020 የስልክ ስሜት ገላጭ ምልክቶች ውስጥ የራሱ ሥዕል ወጣለት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ4 ወይም ለ5 ኩባያ፦ የታፒዮካ (የካሳቫ) ስታርች 150 ግራም፣ ለማሻ የሚሆን ተጨማሪ 20 ግራም፣ ቡናማ ስኳር ለሊጡ 60 ግራምና ለሽሮፑ 120 ግራም፣ ጥቁር የሻይ ቅጠል 20 ግራም፣ ወተት ግማሽ ሊትር። ዲጂታል ሚዛን ይግዙ። በብርጭቆ መስፈር ለሻይ ይበቃል፤ ስታርች ግን ሲጫኑት ይታመቃል፣ ሲያናፍሱት ያብጣል፣ በአንድ ብርጭቆ ላይ የ30 ግራም ልዩነት ቢመጣ ሊጡ አልያዝም ይላል።

ስለ ስታርቹ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከደቡብ የሚመጣው የካሳቫ ዱቄት ከታፒዮካ ስታርች ጋር አንድ አይደለም። ዱቄቱ ሥሩ ከነቃጫው ደርቆ የተፈጨ ነው፤ በእሱ የተሠራ ፍሬ ይፈረካከሳል፣ አይለመጥም። ስታርቹ በእጅ ሲጨብጡት እንደ በረዶ «ጭርር» የሚል፣ በጣም ነጭና ሽታ የሌለው ነው። ጥሬ የካሳቫ ሥር ገዝቶ ስታርች ላውጣ ማለት ደግሞ አይመከርም፤ ሥሩ ውስጥ ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር ስላለ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ታፒዮካ ካነሰዎ ድንች አለ። ሁለት ኪሎ ድንች ፈቅፍቀው በሦስት ሊትር ውሃ ያሹት፣ በንጹሕ ነጠላ ያጥሉት፣ ውሃውን ለአንድ ሰዓት ያስቀምጡት። ታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ስታርቹ ነው። ላዩን ውሃ በዝግታ ደፍተው በአዲስ ውሃ ሁለት ጊዜ ያጥቡትና በትሪ ላይ አሳስተው ያድርቁት፤ 200 ግራም አካባቢ ይወጣል። ብቻውን ግን አይጠቀሙበት፤ የድንች ስታርች በፍጥነት ስለሚያብጥ ውስጡ ሳይደርስ ላዩ ይልማል። ከ100 ግራም ታፒዮካ ጋር 50 ግራም ቢቀላቅሉት ጥሩ ይሠራል። የበቆሎ ስታርች ለገንፎና ለሾርባ ማወፈሪያ ይሁን፤ ለዚህ አይሆንም፣ ይቆረሳል።

ቡናማ ስኳር ካልተገኘ ነጩን ያቃጥሉት። 120 ግራም ስኳር በደረቅ ብረት ድስት በመጠነኛ እሳት ያቅልጡ፤ ቀለሙ የጠቆረ ማር ሲመስል ድስቱን አውርደው 80 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። እጅዎን ያርቁ፤ ይረጫል፣ ክፉኛም ያቃጥላል። እዚህ ላይ ከፍታው ምንም አይለውጥም፤ ስኳሩ የሚቀልጠው በራሱ ሙቀት እንጂ በፈላ ውሃ አይደለም። የመንዝ ማር ካለዎት ደግሞ አይቀቅሉት፤ መዓዛው ይጠፋል። ሽሮፑ ለብ ሲል መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ጣል ያድርጉበት።

ሊጡን መሥራት

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸነፋል። ጥሬ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ አይቦካም፤ ሲጨብጡት ድንጋይ ይሆናል፣ ሲለቁት ወተት ሆኖ በጣት መሐል ይፈሳል። የሚይዘው ከፊሉ በሙቀት በስሎ ሙጫ ሲሆን ብቻ ነው።

1. በትንሽ ድስት 90 ሚሊ ሊትር ውሃና 60 ግራም ቡናማ ስኳር ያፍሉ። በቆላ 85 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ደጋ ላይ ግን ውሃው ቶሎ ስለሚተን 5 ሚሊ ሊትር ይጨመራል።

2. ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ሲንተከተክ ድስቱን ያውርዱ፤ ከስታርቹ 50 ግራሙን ብቻ ይጨምሩና በእንጨት ማማሰያ ቶሎ ቶሎ ይምቱት። ጉበት የሚመስል ዝልግልግ ነገር ይሆናል።

3. እንደገና ለ20 ሰከንድ ያህል ቀላል እሳት ላይ ይጣዱት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን መዝለል አይቻልም፤ ውሃው ሲጀመር 90 ዲግሪ ስለነበረ ስታርቹ ሲገባበት ይበርድና ሙጫው ሳይሠራ ይቀራል። ፈዛዛው ቀለም ጠቆር ብሎ ሲያብለጨልጭ ደርሷል።

4. ከእሳት አውርደው የቀረውን 100 ግራም በሁለት ዙር ይጨምሩ። መጀመሪያ በማማሰያ፣ እጅ መቻል ሲጀምር በእጅ ለ5 ደቂቃ ይሹት። ትኩስ እያለ ካልታሸ በኋላ አይታሽም።

ሊጡ ጆሮ ጫፍን የመሰለ ልስላሴ ሲኖረው፣ ሲጎትቱትም ሳይፈረካከስ ቀስ ብሎ ሲበጠስ ልክ ነው። ከተሰነጣጠቀ በሻይ ማንኪያ የፈላ ውሃ ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ አይሆንም። እጅ ላይ ከተለጠፈ ከተጨማሪው ስታርች ጥቂት ይነስንሱበት። እየሠሩ ሳለ የቀረውን ሊጥ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሙቅ ሳህን ላይ ያኑሩት፤ ብርዱ በ10 ደቂቃ ያደርቀዋል።

ሊጡን የጣት ቀጭን ገመድ አስመስለው ያንከባልሉ፣ ይቁረጡ፣ በመዳፍ ያድቦልቡሉ። ስለ መጠኑ የሚቀርብ ምክር አንድ ነው፦ የታይዋኑን 8 ሚሊ ሜትር ትተው 6 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ ትልቅ አተር ያህል። ሙቀትና ውሃ ከላይ ወደ መሐል የሚገቡት ቀስ እያሉ ስለሆነ ፍሬው በሩብ ሲቀንስ የሚበስልበት ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ለደጋ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም። ያለቀውን ፍሬ በስታርች አሽተው በወንፊት ያራግፉት፤ ትርፍ ዱቄት የመቀቀያውን ውሃ አጥሚት ያደርገዋል።

መቀቀል

ውሃው ብዙ ይሁን፤ ለ100 ግራም ጥሬ ፍሬ አንድ ሊትር። ለዚህ ሊጥ ሦስት ሊትር ማለት ነው። ውሃው በጣም ሲንተከተክ ፍሬውን እየበተኑ ይጨምሩና የድስቱን ታች በማማሰያ ወዲያው ይፋቁ፤ የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ካለፉ በኋላ የተጣበቀ ፍሬ አይላቀቅም። ውሃው ሳይፈላ የገባ ፍሬ ደግሞ ድስቱ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

ፍሬው ተንሳፈፈ ማለት በሰለ ማለት አይደለም። ከተንሳፈፈ በኋላ እሳቱን መጠነኛ አድርገው ክዳኑን ገርበብ ያድርጉ። በደብረ ብርሃን 6 ሚሊ ሜትሩ 20 ደቂቃ፣ 8 ሚሊ ሜትሩ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይፈልጋል። ወደ መንዝ መሐል ሜዳ ከፍ ሲሉ ውሃው ከ90 በታች ስለሚፈላ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ውሃው ካነሰ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ይጨመር፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጨመረ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ቀጥሎ እሳቱ ይጠፋና ድስቱ ተከድኖ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ነው ብርዱ ሥራውን የሚያበላሸው። በሞቃት አገር የተከደነ ድስት በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙም አይበርድም፤ እዚህ ግን ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ስስ ድስት ሙቀቱን በፍጥነት ይለቃል፣ የፍሬው እምብርትም ሳይበስል ይቀራል። ድስቱን ከምድጃው አርቀው እንጨት ላይ ያስቀምጡና በወፍራም ጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ብርድ ልብስ በሚመረትባት ከተማ ይህ አይጠፋም።

ለማረጋገጥ አንድ ፍሬ በቢላ ለሁለት ይክፈሉ። መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ጥሬ ስታርች ነው፤ ድስቱን መልሰው ለ5 ደቂቃ ያፍሉት። ዳር እስከ ዳር ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ደርሷል። በጥርስ ሲነክሱት ጥቂት ይለመጥና ይመለሳል፤ የሚጣበቅ ከሆነ ብዙ ቆይቷል።

አጥልለው ለ10 ሰከንድ ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁት፤ ላዩ ላይ ያለው ልጋግ ይታጠባል። የታይዋን ባለሙያዎች በበረዶ ውሃ ያደርጉታል፤ እኛ ዘንድ አይጠቅምም። ወዲያው 120 ግራም ቡናማ ስኳር በ80 ሚሊ ሊትር ውሃ ተቀቅሎ በተዘጋጀው ሙቅ ሽሮፕ ውስጥ ይክተቱትና ለ20 ደቂቃ ይተዉት። ሽሮፑ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው እርስ በርስ እንዳይጣበቅና እንዳይደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ፍሬውን ማቆየት

የበሰለ ፍሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ውሃውን እየለቀቀ መልሶ ይጠነክራል፤ ያደረ እንጀራ የሚደርቅበትም ምክንያት ይኸው ነው። ይህ በጣም የሚፈጥነው ከበረዶ ነጥብ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ላይ፣ ማለትም በማቀዝቀዣው ሙቀት ነው። የደብረ ብርሃን ሌሊትም እንደዚያው ነው። መፍትሔው አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ነው፤ በፈላ ውሃ አሙቀው ደፍተው ፍሬውን ከነሽሮፑ ይጨምሩበት፣ ለ4 ሰዓት ያህል ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ያለውን ይድፉት። የትናንት ፍሬ መልሶ በማፍላት ይለሰልሳል፤ ግን ላዩ ይልማል፣ ደንበኛውም ያውቀዋል።

ጥሬው ግን በበረዶ ቤት ይቀመጣል። በትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርግተው ያድርቁት፣ ሲጠነክር በፌስታል ያስገቡት፤ አንድ ወር ይቆያል። ሲያስፈልግ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደሚፈላው ውሃ ይግባ። መብራት ጠፍቶ አንዴ ከቀለጠ አንድ ሊጥ ስለሚሆን አያስቀምጡት። ሱቅ የሚገዛ ደረቅ ፍሬ የሚጠቀሙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ባለው ደቂቃ ላይ ግማሹን ይጨምሩ፣ ቀድመውም አይዘፍዝፉት፤ ደረቅ ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይበተናል።

ሻዩና ወተቱ

ይህኛው ክፍል የሚያስቸግር አይደለም፤ እዚህ አገር ሻይ ማፍላት የማያውቅ የለም። ለየት የሚለው ጥንካሬው ነው። ለመጠጥ የሚፈላው ሻይ ወተትና በረዶ ሲገባበት ይጠፋል። ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ቅጠል ይጨምሩ። የውሽውሽም የጉማሮም ደቃቅ ቅጠል ለዚህ ይሆናል። ነክሮ መተው 100 ዲግሪ ላለው ነው፤ እዚህ እሳት ላይ እንዳለ ለ4 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ፣ ከዚያ ወዲያው ይጠለል። ከ6 ደቂቃ ካለፈ ምላስ የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ያንን ደግሞ ስኳር አያስታርቀውም። ቀረፋ አንድ ቁራጭና ሁለት ፍሬ የተደቆሰ ሄል ቢገቡ ያምርበታል። ቅርንፉድ ቡናማውን ስኳር ይጋፋል፤ ጤና አዳም ለቡናው ይቆይ።

ከገበሬ የተገዛ ትኩስ ወተት መፍላት አለበት። ውሃ እዚህ 90 ላይ ይፈላል ማለት ወተቱ በደንብ አይታከምም ማለት አይደለም፤ ሳንባ ነቀርሳና የከብት ውርጃ በሽታ የሚያመጡት ጀርሞች ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይሞታሉ። ግን ተነሥቶ ስለገነፈለ ፈላ አይባልም፤ እያማሰሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ያንተክትኩት። ሥልባቦቱን ገፈው ለሌላ ያድርጉት፤ የመጠጫው ቱቦ ውስጥ ይሰነቀራል። ሎሚም ሆነ ሌላ ኮምጣጣ ፍራፍሬ ካለበት ሻይ ጋር ወተት አይገናኝ፤ ይቆራረጣል።

ረቡዕ፣ ዓርብና በጾሙ ወራት የሱፍ ውሃ ወተቱን ይተካል። 100 ግራም ሱፍ ለቅመው አጥበው ለ10 ደቂቃ ይቀቅሉ፣ ይውቀጡ ወይም ይፍጩ፣ በ600 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው በቀጭን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ያጥሉት። የአጃ ወተትም ይሆናል፤ ግን ትኩስ ሻይ ውስጥ አይግባ። አጃም ስታርች ነውና ሲሞቅ ወፍሮ አጥሚት ይሆናል።

ማቅረብ

ለግማሽ ሊትር ኩባያ፦ ታች 70 ግራም ፍሬ ከአንድ ሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ ጋር ይግባ፤ ኩባያውን አዘንብለው ቢያዞሩት ሽሮፑ ግድግዳው ላይ የነብር ቆዳ የመሰለ መስመር ይሠራል። 200 ሚሊ ሊትር ሻይና 100 ሚሊ ሊትር ወተት ከ120 ግራም በረዶ ጋር በክዳን ዕቃ ውስጥ 15 ሰከንድ አጥብቀው ንጠው ይጨምሩበት። በረዶው ከተፈላ ወይም ከታከመ ውሃ የተሠራ ይሁን። በረዶ የገባበት ባብል ቲ ፍሬውን በግማሽ ሰዓት ያጠነክረዋል፤ ስለዚህ በቦታው የሚጠጣ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ግን ትኩሱ ይበልጣል፤ 220 ሻይ፣ 120 ወተት፣ በረዶ የለም። ሙቀቱ ፍሬውን እንደለሰለሰ ያቆየዋል፣ ተማሪውም ደብተሩን ገልጦ አንድ ሰዓት ይዞት ይቀመጣል። ትኩሱን በሰፊ ቱቦ አያቅርቡ፤ በአንድ ሳብ ብዙ ትኩስ ነገር ስለሚገባ ጉሮሮ ያቃጥላል። እጀታው ረዥም የሆነ ማንኪያ ይስጡ። ለቀዝቃዛው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ያስፈልጋል፤ የለስላሳው ቀጭን ቱቦ አያሳልፈውም።

ሸዋ ሮቢት ለሚሠራ

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው 96 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 8 ሚሊ ሜትሩም ከ25 ደቂቃ አያልፍም፤ ጋቢም ፔርሙዝም አያስፈልግም፣ ፍሬው ተከድኖ ሽሮፕ ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። ሥጋቱ ወተቱ ነው፤ በዚያ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። በረዶው 150 ግራም ይሁን፣ ሻዩም በሊትር 25 ግራም ቅጠል ይፈላ፤ አለዚያ በረዶው ሲቀልጥ ባለቀለም ውሃ ይሆናል። ታፒዮካ በጠፋ ሰሞን የአካባቢው ማሾ አለ። በታይዋንም ማሾ በስኳር ተቀቅሎ ከቀዝቃዛ መጠጥ ጋር ይቀርባል። 100 ግራሙን ሌሊት ዘፍዝፈው ሳይፈነዳ እስኪለሰልስ ይቀቅሉት፤ ስኳሩ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ቀድሞ ከገባ ልጡ ይጠነክራል። እንደ ታፒዮካው አይለመጥም፤ በማንኪያ ይበላል።

ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ፍሬ ያለበትን አይስጡ፤ ሳያኝኩ ሲስቡት ትንፋሽ ይዘጋል። ለእነሱ ሻይ ሳይገባበት ወተቱን ከሽሮፑ ጋር ብቻ ንጠው ያቅርቡ።